እግሬ ሲሰበር ዘፈን የለመደው ፈረስ

በ1951 ዓ.ም. የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። አገሬ ወሎ ነው፤ ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ እኖራለሁ፤ ጋሪ እነዳለሁ። ከባቡር ጣቢያ ቀፊራ ገበያ፣ ከቀፊራ መጋላ፣ ከዚያ ተመልሶ ጣቢያ። አንድ ጋሪ፣ አንድ ዳማ ፈረስና አንዲት ሚስት ነበሩኝ። ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው።

ዛሬም ሰው ሳነክስ እያየ «ከፈረስ ወድቀህ ነው?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። ከፈረስ መውደቅ ወግ ነው። እኔ ግን የወደቅሁት ከቆመ ጋሪ ላይ ነው።

ጋሪ ያለው ሁለት ጎማ ብቻ ነው። ቀሪውን የሚሸከመው ፈረሱ ነው። ፈረሱ ከተፈታ ሁለቱን ዘንጎች ግንድ ላይ ታስደግፍና ትተዋለህ። ከዚያ በኋላ በኋላው በኩል አይወጣም። ከወጣህ ዘንጎቹ ወደ ሰማይ፣ አንተ ወደ መሬት ነህ። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ጋሪ ነጂ እየጮህኩ አስተምሬያለሁ። ያን ቀን፣ የካቲት ውስጥ ነው፣ የጋሪው ሸራ ጥጉ ተነቅሎ ነበርና ሚስማር በአፌ፣ መዶሻ በእጄ ይዤ የኋላው ወንበር ላይ ቆምኩ። ሚስቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

«አንተ ሰው፣ ፈረሱ ተፈቷል እኮ» አለችኝ።

«አንቺ ልብስሽን እጠቢ» አልኳት፣ በጥርሴ መሀል።

ሌላ አልተነጋገርንም። ቀጥሎ ያየሁት ሰማይ ነው። ሚስማሩን ባለመዋጤ አላህ ይመስገን። ግራ እግሬ ግን ከጉልበቴ በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ አገኘሁት።

ሚስቴ ስትጮህ ጎረቤታችን ሶማሌው ባለሱቅ ሽርጡን በእጁ ሰብስቦ እየሮጠ መጣ። እኔን አየ፤ ወደ ላይ የቆሙትን ዘንጎች አየ፤ ነገሩ ገባው።

«ወሪያ ወሎዬ! ቆሞ ካለ ጋሪ?»

«አንሳኝ፤ በኋላ ትስቃለህ።»

«አሁንም እችላለሁ» አለና እየሳቀ አነሳኝ።

ሆስፒታል የሄድኩት በዚያው በጋሪዬ ነው። ዳማውን ጠመዱ፣ ፍራሽ አነጠፉ፣ እኔን ጫኑ፤ ባለሱቁ ልጓሙን ያዘ። ሰውየው በዕድሜው ከስኳር ጆንያ በቀር የመራው ነገር የለም። እኔ ከኋላ ተጋድሜ «ግራ በል! ላላ አድርግ! ልጓም ነው እንጂ የጉድጓድ ገመድ አይደለም!» እያልኩ ስጮህ፣ ሚስቴ አንዴ እግሬን፣ አንዴ አፌን ትይዛለች። ያየን ሁሉ የሞተ ሰው የሚሳደብ መስሎት ቆሞ ይመለከታል።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። የሚያስተረጉምለት ድሬሰር ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን የሙአዚን ነው። ሰዉ ሁሉ እስኪሰማ እየጮኸ ይጠይቀኛል።

«ከምን ወደቅህ?»

«ከጋሪ።»

ተነጋገሩ። «ጋሪው እየሮጠ ነበር ወይ ይልሃል።»

«አይ፤ ቆሞ ነበር።»

«ፈረሱ ደንብሮ ነው?»

«ፈረሱ ጥግ ላይ አገዳ እየበላ ነበር።»

ድሬሰሩ ይህን ሳያስተረጉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ኋላ ሲነግረው ፈረንጁም መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። ተቆጣሁ። «እግሬን ነው የምታክሙት ወይስ ታሪኬን?» አልኩ። ይህን አስተርጉሞለት እንደሆነ አላውቅም፤ አጥንቱን ሲያስተካክሉ ግን ከልባቸው አደረጉት። ጩኸቴ ጣቢያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ ጀሶ መጣ። እርጥብ ጨርቅ ነው ብዬ ዝም ስላቸው ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ከጣቴ ሥር እስከ ጭኔ ድረስ። ሐኪሙ ጀሶውን አንኳኳና ቃሉን ረጋ አድርጎ ተናገረ፤ ድሬሰሩም እንደዚያው ረጋ ብሎ ነገረኝ። «ይህ እስኪፈታ እግርህ መሬት አይንካ። ጠማማ ሆኖ ከገጠመ ጋሪ ላይ መውጣት አበቃ። ሁለት ወር።»

እንኳን ሁለት ወር ሁለት ቀን ተኝቼ አላውቅም። የምንበላው ዳማው ሲንቀሳቀስ ነው። ፈረሱ ከቆመ ማሰሮውም ይቆማል።

ጥቂት ቀን አስተኝተው ሸኙኝ። ቤቱ በየካቲት እንደ ዳቦ መጋገሪያ ስለሚሆን ሚስቴ አልጋዬን ግቢው ውስጥ፣ ከዘይቱኗ ጥላ ሥር አወጣችው። ጠያቂ ጎረፈ። ቁና የሚሞላ ሐብሐብ፣ ስኳር፣ ጫት፣ ሳሙና ሳይቀር መጣልኝ። ሁሉም «አላህ ያሽርህ» ብሎ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ «እስቲ እንዴት እንደወደቅህ ንገረን» ይለኛል። ከባለሱቁ ሰምቷል፤ የመጣው ከእኔ አፍ ለመስማት ነው። አንድ ወጌሻም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ጀሶውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «በር ነው የዘጉበት፤ አጥንቱን ማን ያገኘዋል?» ብሎ፣ ጫቱን ቅሞ ሄደ።

ሚስቴ የግመል አርቢዎቹ አገር የጀልዴሳ ልጅ ናት። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ሳትነግረኝ ወደ ወንድሟ ልካ ኖሮ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ ሰው በር ላይ ቆመ። አማቼ ነው። ግመል ጠባቂ ነው፤ ማሽላም ያርሳል። ጋሪ ላይ ተሳፍሮ እንኳ አያውቅም።

«ፈረስ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፈረስ ማለት አጭር ግመል ነው» አለኝ።

ምን ማድረግ እችላለሁ? ተኝቼአለሁ። እንዴት እንደሚጠመድ፣ የት እንደሚቆም፣ ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ አስረዳሁት። አለንጋዬን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ አየው፣ አመሰገነኝና ሚስማር ላይ ሰቀለው። በማግስቱ አልወሰደውም፣ ከዚያም በኋላ አልነካውም።

ታዲያ ፈረሱን በምን ይነዳዋል? በዘፈን። በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች ግመል ሲያጠጡም ሲያሰማሩም ይዘፍናሉ፤ ግመሉ ዘፈኑን ሰምቶ ውሃው ቅርብ መሆኑን ያውቃል። አማቼ ሌላ መንጃ አያውቅም። ልጓሙን ይዞ ቁጭ ሲል አፉ ከፈት ይላል፤ ረጅም፣ አንገቱን እንደሚሰብቅ ግመል እየተወዛወዘ የሚሄድ ዜማ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀን ከበሩ ሲወጣ «ወሪያ! ሰርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብዬ ጮህኩበት። የሰማኝ ዳማው ነው፤ ጆሮውን አቁሞ ወደኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ዘፈኑ ዞረና ሄደ።

እኔ ዳማውን የምነዳው በስድብ ነበር። ክፋት አይደለም፤ ልማድ ነው። «ሂድ አንተ ሰነፍ፣ አንተ የገብስ ጠላት» ስለው ይሄዳል። አለንጋውንም በአየር ላይ አጮኸዋለሁ፣ አልፎ አልፎም ከአየሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ተግባብተን ነው የኖርነው። ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነው።

ተኝተህ ከተማውን በጆሮህ ነው የምታየው። ባቡሩ ሲገባ እሰማለሁ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የዳማው ኮቴና የአማቼ ዘፈን በአጥሩ ጀርባ ያልፋል። ኮቴውን አውቀዋለሁ። ድሮ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሐሩር፣ እግሩን እየጎተተ ነበር የሚያልፈው። አሁን ዜማውን ጠብቆ ይረግጣል። አስመሳይ!

ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ዳማው ቀትር ላይ ቤት ገብቶ ውሃ መጠጣት ልማዱ ነው፤ ይህን ለአማቼ መንገር ረስቼዋለሁ። ፈረሱ ግን አልረሳም። ቀትር ሲሆን ማንም ይሳፈር፣ የትም ይሂድ፣ ታጥፎ ወደኔ ግቢ ይገባል። አማቼ አያስቆመውም፤ «እሱ ውሃ ያውቃል» ይላል። እንግዲህ የታመመ ሰው ግቢ ገብተህ ሳትጠይቅ መውጣት ነውር ነው። ስለዚህ ወደ ጣቢያ የሚቻኮለው ነጋዴም፣ ሻንጣውን ጭኑ ላይ የያዘው የቢሮ ሰውም ወርዶ «አላህ ያሽርህ»፣ ክርስቲያኑም «እግዜር ይማርህ» ይለኛል፤ ሚስቴ ውሃ ትሰጠዋለች፤ እኔ እንዴት እንደወደቅሁ እናገራለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ብዙ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ከነዚህ አንዷ ቀፊራ ቅመም የምትሸጥ አሮጊት ናት። ሰው ሁሉ አዴ ይላታል። አንድ ቀን ከነዘንቢሏ ፈረሱ አምጥቶ ጣላት። ከዚያ ወዲያ ቀትር እየጠበቀች መሳፈር ጀመረች። ጥላዬ ሥር ትቀመጣለች፣ የሚስቴን ሐብሐብ ትበላለች፣ እኔን ታበሽቀኛለች።

«አንተ ወሎዬ፣ አማችህ እንዴት ነው ድምፁ! ስሳፈር እኮ ወገቤን አያመኝም።»

«ጋሪው ነው ጥሩ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ጋሪህንማ ሳውቀው ኖርኩ። ድሮ ስወርድ አጥንቴን እቆጥር ነበር።»

ባለሱቁም ማታ ማታ ሲመጣ ወሬ ይዞ ነው። ጣቢያው ላይ ሰው ሌላ ጋሪ ትቶ «ዘፋኙ የታለ?» እያለ ይጠብቃል አለኝ። ሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች ተቆጥተው ተቆጥተው፣ አንዱ ራሱ ሊዘፍን ሞክሮ ፈረሱ ደነበረ አለኝ። እኔም እንደ ሰው ሳቅሁ። ሲወጣ ግን ሳቄ አብሮት ወጣ።

ያኔ ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። እግሬ ባይድን አንድ ነገር ነው። እግሬ ድኖ ፈረሴ፣ ተሳፋሪዬና ወንበሬ ሌላ ሰው ቢለምዱስ? ሚስቴ ወንድሟ አጠገቧ በመሆኑ ፊቷ በርቷል። ራት ሲቀርብ በቋንቋቸው እያወሩ ይስቃሉ፤ ስለኔ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ከአልጋ ወርጄ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ጋሪው ጋ ለመድረስ ተነሳሁ። ሦስቴ እንኳ ሳልዘል ሚስቴ እንደ ጭልፊት ከኋላዬ ብብቴን ያዘችኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ጋሪዬን ላየው።»

«ጋሪው አልታመመም፤ ተኛ! እግርህ ጠማማ ሆኖ ቢገጥም ወንድሜ ዕድሜ ልኩን እዚህ ሊቀር ነው፤ ያንን ከፈለግህ ርገጠው።»

ተኛሁ። ሐኪሙ በሁለት ወር ያልተናገረውን በአንድ ቃል ተናገረችው።

ሚያዝያ ውስጥ ጀሶው ተፈታ። ድሬሰሩ በትልቅ መቀስ እየቆረጠ «ዛሬም ፈረሱ አገዳ እየበላ ነው?» አለኝ። ከውስጥ የወጣው እግር የኔ አይመስልም፤ ነጭ፣ የዶሮ እግር የሚያህል፣ ቆዳው የተላጠ። ሐኪሙ ቁም አለኝ፤ ቆምኩ። ሂድ አለኝ፤ ሄድኩ፤ ትንሽ ወደ ግራ አዘነበልኩ እንጂ ሄድኩ። «ገጥሟል» አለ። ጋሪ ላይ መውጣት እችላለሁ ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። ተነጋገሩና ድሬሰሩ «ፈረስ የተጠመደበት ከሆነ ትችላለህ ይልሃል» አለኝ። ይህን ፈረንጁ ይበል እሱ ይጨምረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በዚያው ሰሞን ዝናብ ጣለ። አማቼ ደመናውን አየና ዱላውን አነሳ።

«ጋሼ፣ ማሽላዬ ይጠብቀኛል።»

ልቤ እስክስታ ወረደ፤ ፊቴን ግን አጨፈገግሁ። «ምነው፣ ትንሽ አትቆይም?» አልኩት። እንዳይቆይ ደግሞ ሽርጥና ስኳር አስቀድሜ ገዝቼ አስቀምጬለት ነበር። ሚስቴ አለቀሰች። ዳማውም ከጋጣው አንገቱን አውጥቶ በመንገዱ ሲርቅ ሲያየው ቆየ። ይኸን ስነግራቸው ሰዎች አያምኑም፤ አይመኑ።

በማግስቱ ጠዋት ጠመድኩ። ደከመኝ፣ ግን ወጣሁ። ወንበሩ የራሴ ወንበር ነው፣ ቅርጼን አልረሳም። ልጓሙን ያዝኩና «ሂድ አንተ ሰነፍ» አልኩት።

ቆመ።

«ሂድ እንጂ!» አለንጋውን በአየር አጮኸሁት። ዞሮ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። እየገፋሁ፣ እየወረድኩ በልጓም እየሳብኩ፣ እያነከስኩ ጣቢያ አደረስኩት። ሁለት ተሳፋሪ መጣ፤ «ዘፋኙ የት ሄደ?» አሉኝ፤ ሄደ አልኳቸው፤ እነሱም ሄዱ። ሙሉ ቀን እንዲሁ ዋልን። ፈረሱ ሲፈልግ ይራመዳል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ለቤቴ ምን ይዤ ልግባ?

ወደ ማታ አዴ ከነዘንቢሏ መጣችልኝ። «ዳንክ! አላህ ይመስገን!» አለችና ወጣች። እሷን ጭኜ የወንዙን አሸዋ ላቋርጥ ስል፣ ውሃ በሌለው ጊዜ መንገዳችን በዚያ ነው፣ ዳማው አሸዋው እኩሌታ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ጎማው ይሰምጣል። ከኋላችን ግመሎች፣ አህዮች፣ አንድ እንጨት የጫነ ጋሪ ተሰለፈ። አለንጋውን አነሳሁ።

«ብትመታው እወርዳለሁ» አለች አዴ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልለምነው እንዴ?»

«ዝፈንለት!»

«እኔ አልዘፍንም።»

«ወሎዬ ሆነህ? አገርህ ሰው ቤት ሲሠራ ይዘፍናል፣ ሲያፈርስ ይዘፍናል!»

«እኔን ሲሠሩኝ ዘፈን አልቆባቸው ነው።» እውነቴን ነው። ልጅ ሆኜ መንዙማ ሲባል እንኳ ከንፈሬን ነበር የማንቀሳቅሰው፤ ድምፄ ሌላውን ያበላሻል ብለው አስጥለውኛል።

አዴ ዘንቢሏን አስተካክላ ተቀመጠችና የአማቼን ዜማ ራሷ ጀመረችው። ሁለት ወር ሙሉ ስትሳፈር ለምዳዋለች። ድምጿ እንደ ደረቅ በርበሬ ነው፤ ዳማው ግን ሁለተኛውን ቤት ሳትጨርስ አንገቱን ዝቅ አደረገና ከአሸዋው ነቅሎ አወጣን። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እልል አለ። ባለ ግመሎቹ ተቀበሏት። እኔ ልጓም ይዤ መሀል ተቀምጫለሁ፤ ሙሽራ እንጂ ነጂ አልመስልም።

በሯ ላይ ስትወርድ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ነገ እኔ አልኖርም፤ አፍህን አዘጋጅ» አለች።

ቤት ገባሁ። እራት በላሁ። ሚስቴ ሰምታለች፤ መጋላ ውስጥ ወሬ ከፈረስ ይፈጥናል። እግሬን በሰሊጥ ዘይት ታሸኛለች። ወደ ሌላ እያየሁ፣ «ያ ወንድምሽ… ምን ነበር የሚለው?» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ማን?»

«ፈረሱን ሲነዳ። ቃሉን ንገሪኝ።»

ሳቀች። ተንከትክታ ሳቀች። ዘይቱን ደፋችው። «አሥር ዓመት ሙሉ አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ዘፍነህልኝ አታውቅም፤ ለፈረስ?»

«አንቺ ሳልዘፍንልሽም ትሄጃለሽ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን እሷም ይበልጥ ሳቀች። ቃሉን ነገረችኝ። ስለ ውሃ ነው፣ ስለ ሣር ነው፣ ደረስን ደረስን ነው። ምላሴ ላይ አልያዝ አለ። ስሞክር በሸምቀቆ የተያዘ ፍየል ነው የምመስለው። ትራሱን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ ዳማውን ጠመድኩ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ባለሱቁ ገና ሱቁን አልከፈተም። ወንበሬ ላይ ወጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዜማው የአማቼ ነው፤ ቃሉ ስላልያዘልኝ በፊቴ ያየሁትን ሁሉ አስገባሁበት፦ ፍየሏ መንገድ ላይ ተኝታለች፣ ጉድጓዱ ትናንትም እዚሁ ነበር፣ የባለሱቁ በር ዝግ ነው፣ ባቡሩ ሳይቀድመን እንድረስ። ዳማው ጆሮውን አቆመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ በሩን አለፈና ወደ ጣቢያ ወሰደኝ፤ እስክደርስ አላቋረጥኩም።